የአሥራ ሁለተኛው ድራም ቁልፍ

እህቴ የተመታችው በቁልፍ ዘለላ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቦታው ባሕር ማዶ ያለ የቆዳ ፋብሪካ ድራም ክፍል፣ ቆሞ ያየው ሰው ብዛት አርባ አንድ። ዘለላው ላይ አሥራ ሁለት ቁልፎችና አንድ የጠርሙስ መክፈቻ ነበሩ። ቅንድቧን የሰነጠቀው መክፈቻው ነው፤ አምስት ቦታ ተሰፍቷል። እሷ ግን ደሙ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ እየወረደ፣ አጠገቧ ወደቆመችው አስተርጓሚ ዞር ብላ «ጠይቂልኝ እስቲ» አለቻት፤ «የስንተኛው ድራም ቁልፍ ነው የመታኝ? ከእሱ ነው የምጀምረው።»

አስተርጓሚዋ አልጠየቀችም።

ይህን የነገረችኝ ራሷ አስተርጓሚዋ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች፤ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ባሕር ተሻግራ ቤታችን መጥታ ሦስት ቀን ተቀመጠች። እሷ ስትናገር እኔ እጽፍ ነበር። የጻፍኩትን ከእህቴ ደብዳቤዎችና ከፋብሪካው የፈረቃ መዝገብ ጋር አስተያይቻለሁ፤ ያልተስማማውን ትቼዋለሁ።

እህቴ ከእኔ በስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ እትዬ ነው የምላት። አባታችን ሲሞት እሷ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯን ለእኔ ትታ ቆዳ ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት ገባች። ያስገቧት ጨው ቤት ነው። ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ ጨው ይነሰነስበታል፤ ጨው ደግሞ የከብት ቆዳና የሰው ቆዳ አይለይም፣ የሠራተኛውንም እጅ ይበላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመዝገብ አያያዝ የተማርኩት በእነዚያ በተበሉ እጆች ነው።

በገባች በሳምንቷ አንድ ተሸካሚ በጥፊ አጮላት። አንደኛ ነው ብሎ ያመጣውን ቆዳ ገልብጣ «ከሥሩ በስብሷል» ስላለች ነው። የጨው አካፋዋን አንስታ አፉ ላይ አሳረፈችው፤ ሁለት ጥርስ ወደቀ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሁለቱንም አስጠርቶ «ማነው የጀመረው?» ቢል «የጀመረው እሱ ነው፤ የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ያለቀው ግን የሱ ጥርስ ነው።»

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ ነው ያተረፋት። ከጨው ቤት አውጥቶ ቆዳ መራጮች ክፍል አስገባት። እዚያ «አውራ ጣት» የሚል ስም ወጣላት። የቆዳውን ጀርባ በአውራ ጣቷ አንዴ ሳብ ታደርገውና «ቢላዋ ነክቶታል»፣ «መዥገር በልቶታል»፣ «ይሄን በሬ ባለቤቱ ይገርፈው ነበር» ትላለች። ጅራፍ ያረፈበት ቆዳ ከለፋም በኋላ ምልክቱ አይጠፋም። ከሥራ በኋላ ተማረች፤ የመራጮች ኃላፊ ሆነች፤ ከዚያ የምርት ክፍል ኃላፊ። ሃያ አራት ዓመት ሠራች። በእነዚህ ዓመታት እሷ ያሠለጠነቻቸው ስድስት ወንዶች ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል። እኔም በዚያው ድርጅት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበርና፣ ስድስቱንም የሹመት ደብዳቤ ተቀብዬ በየማኅደሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ድርጅታችን ባሕር ማዶ አንድ አሮጌ ቆዳ ፋብሪካ ገዝቶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ አስኪያጅ ተላከ፤ ሦስቱም ተመለሱ። የመጀመሪያው አራት ወር ቆየ። ሁለተኛው ክንዱ ተሰብሮ መጣ። ሦስተኛው ሻንጣውን እንኳ ሳይይዝ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው። ሦስቱም በጽሑፍ የሰጡት ምክንያት «የአየር ጠባዩ አልተስማማኝም» የሚል ነው። የአየር ጠባይ ክንድ ሲሰብር ያን ጊዜ አየሁ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ «ሴት እንላክ» አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ወዳጄ ስለሆነ ቃል በቃል ነግሮኛል። «ወንድ ሲያዩ ነው ደማቸው የሚፈላው። ሴት ላይ እጅ አያነሱም፤ ያፍራሉ። አውራ ጣትን እንላካት።» በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ግን «ሴቶች ያላቸውን የተሻለ የመግባባት ችሎታ ግምት ውስጥ በማስገባት» የሚል ነው።

የሰማሁትን ለእትዬ ነገርኳት። እናታችን ጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች እትዬ። «ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ሻዩን በግራ እጁ ሲጠጣ አይቻለሁ።»

«እና ትሄጃለሽ?»

«ለወንዶቹ የሚሰጣቸው ደህና ደህናው ነው። ለእኔ የመጣው የተሰበረው ነው። የተሰበረውንም ቢሆን እወስደዋለሁ፤ ከጥሬ ቆዳ መግቢያው እስከ መጫኛው ድረስ አንዴ የእኔ ይሁን።»

እናታችን ገባችበት። «ባል ሳታገቢ ባሕር ተሻግረሽ ሰው ምን ይላል?»

«እማዬ፣ ባል ባገባ ደግሞ ባሏን ጥላ ሄደች ይሉኛል። ከሁለቱ ርካሹን መርጬ ነው።»

እናታችን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሳቋን ደበቀች። ማታውን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ጠዋት ዓይኗ አብጦ አይቻለሁ።

የፋብሪካው ድራም ክፍል አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሁልጊዜ ርጥብ። ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት የእንጨት ድራሞች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የሁለት ሰው ቁመት አለው፤ በብረት ቀበቶ የታሰረ፣ እንደ በርሜል በጎኑ የተኛ፣ በሞተር የሚሽከረከር ነው። ቆዳውና ኬሚካሉ ውስጡ ይዞራል። ሲጨርስ ግን ሰው በድራሙ አፍ ገብቶ የረጠበውን ቆዳ እየጎተተ ማውጣት አለበት። ስለዚህ በሙያው ዓለም ሁሉ አንድ ሕግ አለ፦ ከመግባትህ በፊት የማብሪያውን ሳጥን በጓጉንቸር ትዘጋለህ፣ ቁልፉን ራስህ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ትገባለህ። ቁልፉ አንተ ጋ ካለ ማንም ሊያዞረው አይችልም።

እዚያ ቤት ቁልፎቹ በሙሉ የፎርማኑ ቀበቶ ላይ ነበሩ። ሠራተኞቹ «ባለ ቁልፉ» ይሉታል። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። እትዬ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ቀን ፊቷን አይቶ አልተናገረም። የቀኑን ምርት ሪፖርት የሚያቀርበው ለሾፌሯ ነበር። ሾፌሩ ወንድ ስለሆነ።

«ጌታው፣ እኔ መንገድ እንጂ ቆዳ አላውቅም» ይለዋል ሾፌሩ።

«ግድ የለም፣ ለሷ ንገራት» ይላል ባለ ቁልፉ። እሷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነበር።

በሁለተኛው ወር የፋብሪካው የአደጋ መዝገብ ቅጂ እኔ ጋ ደረሰ። ገጽ በገጽ አነበብኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከድራም ክፍል ብቻ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተጎድቷል፤ ለአሥራ ዘጠኙም የተጻፈው «ከደረጃ ወድቆ» ነው። በምሳ ሰዓት ደወልኩላት።

«እትዬ፣ እዚያ ያለው ደረጃ ቁመቱ ስንት ነው?»

«የምን ደረጃ?»

«ድራም ክፍል ያለው። አሥራ ዘጠኝ ሰው የወደቀበት።»

ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ይሰማኛል።

«ወንድሜ፣ ድራም ክፍል ደረጃ የለም» አለች። «መሬት ነው።»

በማግሥቱ ምሳዋን ይዛ ከአስተርጓሚዋ ጋር ሠራተኞቹ የሚበሉበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የመረጠችው ቀኝ ትከሻው ወደ ታች የተጣመመ አንድ አዛውንት ነው፤ ጓደኞቹ «ትከሻ» ነው የሚሉት። ሰዎቹ እንዴት እንደተጎዱ ስትጠይቀው፣ የውኃ ጣሳውን ደፋና ቁራሽ ዳቦ ከተተበት። ጣሳውን በጎኑ አጋድሞ ያዘው፤ ከዚያ ሩብ ያህል አዞረው። ዳቦው ተገለበጠ። እንደገና ሩብ አዞረው። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ከደነው።

«ባለ ቁልፉ ዳንስ ይለዋል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ካረፈደ፣ ወይ መልስ ከሰጠ፣ ውስጥ ሳለ ሩብ ዙር ያስደንሰዋል። ርጥብ ቆዳው ይወርድብሃል፤ ስንት ኩንታል እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እጁ ግን የተካነ ነው፣ አልክድም። ሩብ ላይ ቀጥ ያደርገዋል። ሰው አልሞተም።»

«ትከሻህስ?»

«ትከሻ ሞት ነው እንዴ?»

ማክሰኞ ዕለት እትዬ አርባ አንዱ ሠራተኛ ባለበት ባለ ቁልፉን ዘለላውን ስጠኝ አለችው፤ በዘለላው መታት። አምስት ቦታ ተሰፍታ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባች። ጸሐፊው የአደጋ መዝገቡን አምጥቶ «ከደረጃ ወድቃ ብዬ ሞልቼዋለሁ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ቢላት ሰርዛ በራሷ እጅ «ፎርማኑ መታኝ» ብላ ጻፈች።

ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ ነበር። ተረኛው መኮንን ከቅንድቧ ይልቅ ጣቷን ነው ያየው።

«ባልሽ ይምጣና ይክሰስ።»

«ባል የለኝም።»

«ወንድም?»

«ወንድሜ ባሕር ማዶ ነው። የተመታሁት ግን እኔ ነኝ።»

«እሱማ ይታያል» አለና ደብተሩን ዘጋው።

ለዋና ሥራ አስኪያጁ ደወለች። ይህን ጥሪ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ማኅደር ላስፈርም ገብቼ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«እህቴ፣ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው» አላት። «ሰውየው የከተማው ጸጥታ ኃላፊ ዘመድ ነው። ወንዶቹ ሲመቱ እንኳ ነገሩን አላራገብነውም።»

«ሴት ላይ እጅ አያነሱም ብለው አልነበር የላኩኝ?»

ትንሽ ደነገጠ፤ ወደ እኔ አየት አደረገ። ከዚያ ሳቀ። «እንግዲህ እንደ ወንድ ቆጥረውሻል ማለት ነው። በዚህ እንኳ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

«እሺ» አለች። «እንደ ወንድ ከሆነ እንደ ወንድ ነው» አለችና ዘጋችው።

የዚያኑ ሳምንት ዓርብ ባለ ቁልፉ ትከሻን ዳንስ አስደነሰው፤ ከእሷ ጋር ምሳ በልቷልና። አራተኛው ድራም ውስጥ ነበር። ጩኸቱ ከቢሮዋ ተሰማ። ሮጣ ስትደርስ ባለ ቁልፉ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ቀበቶው ላይ እያንጠለጠለ ነው። እትዬ በድራሙ አፍ ገባች፤ ከቆዳው ሥር የትከሻ አንድ እጁ ብቻ ይታይ ነበር። ቆዳውን አንድ በአንድ እየገፋች አወጣችው። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ከአፉ ደም የተቀላቀለ የኖራ ውኃ ይወጣ ነበር። በጀርባዋ አዝላ በአዳራሹ መካከል አለፈች። ማንም አላገዛትም፤ ማንም ግን ሥራውን አልቀጠለም፣ ይላል የፈረቃ መዝገቡ፦ «ከአምስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ምርት የለም።»

ያን ዕለት ደወለችልኝ። እኔ አሥራ ዘጠኙን መዝገብ አንድ ላይ አድርጌ፣ መሸኛ ጽፌ፣ ለቦርዱ አዘጋጅቼ ነበር። ቦርዱ የሚሰበሰበው ወር በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን ነው።

«ቆይ እትዬ» አልኳት። «ወረቀቱ ይድረስ። በሕግ ይሆናል።»

«ቀኑ ስንት ነው ዛሬ?»

«አሥር።»

«አሥራ አምስት ቀን። አንድ ቀን አንድ ሰው ብትል እንኳ...» አለችና ተወችው። «አንተ ወረቀትህን ላከው፤ ተው አልልህም። እኔ ግን ጓጉንቸር ልገዛ ነው።»

አሥራ ሁለት አዲስ ጓጉንቸሮችና አንድ ትልቅ የብረት መቁረጫ ገዛች፤ መቁረጫው እጀታው የክንድ ርዝመት ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፈረቃው ሲገባ፣ ከመጀመሪያው ድራም ጀመረች። የድሮውን ጓጉንቸር ራሷ ቆረጠች፣ አዲሱን አስገባች፣ ቁልፉን በክር አስራ ድራሙ ላይ የሚሠራው ሰው አንገት ላይ አጠለቀችው። አስተርጓሚዋ እየተከተለች ለእያንዳንዱ ትነግረዋለች። «ስትገባ ትዘጋለህ። ቁልፉ አንገትህ ላይ ይሆናል። ከአንገትህ ላይ ማንም አይወስደውም።»

አንዱ ወጣት «ማብሪያውንስ ማን ያሳየን?» ብሎ ጠየቀ። እስከዚያ ቀን ከባለ ቁልፉና ከሰዎቹ በስተቀር ማብሪያ የነካ አልነበረም፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ሠራተኛው ወደ ኋላ እንዲቆም ይታዘዝ ነበር።

«ከሰዓት በኋላ አስተምራለሁ» አለች እትዬ። «መጀመሪያ መዝጋቱን።»

ትከሻ ከሐኪም ቤት ጎኑ ታስሮ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ሂድ ተኛ ቢሉት እምቢ ብሏል።

አሥራ አንደኛውን ቆርጣ ወደ አሥራ ሁለተኛው ስትዞር ባለ ቁልፉ ከአራት ሰዎች ጋር ገባ። አምስቱም ቆዳ መጎተቻ መንጠቆ ይዘዋል። ባለ ቁልፉ መጀመሪያ የመታው አስተርጓሚዋን ነው፤ በመንጠቆ እጀታ፣ አፏ ላይ። የስልሳ ዓመት ሴት ናት። ወደቀች፤ ሦስት ጥርስ ወለሉ ላይ ቀረ። «ከዚያ በኋላ መናገር አልቻልኩም» አለችኝ፤ «አየሁ እንጂ።»

እትዬ አላፈገፈገችም። በብረት መቁረጫው ባለ ቁልፉን የእጁ አንጓ ላይ ስትመታው የአጥንቱ ድምፅ ከሞተሩ በላይ ተሰማ። የጨበጠው ዘለላ ወደቀ። አንደኛው ሰውዬ በመንጠቆው ጫፍ ክንዷን ከትከሻ እስከ ክርን ተረተረው። እሷም መልሳ ጉልበቱን መታችው። ባለ ቁልፉ በግራ እጁ ፀጉሯን ይዞ ራሷን ከምሰሶው ጋር አላተመ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

በሦስተኛው ክፍሉ ተንቀሳቀሰ። ያ ሁሉ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው፣ አርባ አንዱም፣ እንደ ግድብ ውኃ ፈረሰባቸው። በአካፋ፣ በቦት ጫማ፣ በጡጫ። ከአራቱ አንዱ ዓይኑ ፈሰሰ፤ ሁለቱ በጥሬ ቆዳው መግቢያ እየተሳቡ አመለጡ፤ አራተኛው ራሱን ስቶ ከማብሪያ ሳጥኑ ሥር ተዘረጋ። ባለ ቁልፉን ጎትተው፣ ልብሱን ቀደው፣ ግማሽ ጭነቱ ገና ያልወጣለት አሥራ ሁለተኛው ድራም ውስጥ ወረወሩት።

«ዳንስ! ዳንስ! ዳንስ!» እያሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ።

ትከሻ ዘለላውን ከወለል አንስቶ ወደ ሳጥኑ ሄደ። የአሥራ ሁለተኛው ጓጉንቸር አልተቆረጠም፤ የድሮው ቁልፍ ይከፍተዋል። ጎኑን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ከፈተው።

እትዬ ከምሰሶው ሥር ተነሣች። ትጮኻለች፤ ግን በእኛ ቋንቋ ነው የምትጮኸው፣ ቋንቋዋ የሆነችው አስተርጓሚ ደግሞ ወለል ላይ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ከእነሱ ቋንቋ የምታውቀው አሥር የማይሞላ ቃል ነው። ማንም አልሰማትም። ስለዚህ ወደ ድራሙ ሄደች፤ አፉ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ሰዎቹ አድርጋ ተቀመጠች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

ጩኸቱ ቆመ። «ውጪ!» አላት ትከሻ። ራሷን ነቀነቀች። «ውጪ እመቤቴ! የመታሽ እኮ ነው!» እንደገና ራሷን ነቀነቀች። ትከሻ እጁን ከማብሪያው አነሣ። አስተርጓሚዋ «አበቃ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ያን ያህል ቀርቶት ነበር።» በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል ያለውን አሳየችኝ።

ነገሩን ያበላሸው የባለ ቁልፉ ፍርሃት ነው። ውስጡ ሆኖ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ይሰማል፣ ማን እንደቆመለት ግን አያይም። በደህና እጁ አንገቷን ከኋላ ያዘና በእሷ ላይ ተንጠላጥሎ ለመውጣት ታገለ። ፊቷ ጠቆረ። ሰዎቹ የሚያንቃት መሰላቸው፤ እያነቃትም ነበር። ትከሻ ያንን አይቶ ማብሪያውን ተጫነ። ፍርድ ቤት ቀርቦ የተናገረውን ቃል ቅጂ አግኝቻለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ሩብ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሩብ ሲዞር እሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እሷን ይለቃታል። እኔን ስንት ጊዜ አስደንሶኛል፤ ሩብ ላይ ይቆማል። ማብሪያ ይዤ አላውቅም። እንዴት እንደሚያቆሙት አላውቅም ነበር።»

የሚያውቅ አልነበረም። ትከሻ ማብሪያውን መልሶ ይጫናል፣ ይመታዋል፣ ይጎትተዋል፤ ሌሎች እጆች መጥተው ይረባረባሉ። ሲዞር የድራሙ አፍና ምሰሶው የሚራራቁት በአንድ ስንዝር ነው። ድራሙ ሁለት ዙር ከሩብ ዞረ። ያቆመው ከሳጥኑ ሥር ተዘርግቶ የነበረው የባለ ቁልፉ ሰው ነው፤ እየዳኸ ተነሥቶ፣ ከጎን ያለውን ትንሽ ዘንግ ወደ ላይ ገፋት። ዘንጓ አንድ ጣት አታህልም፣ ይላል የምርመራው ወረቀት።

ባለ ቁልፉ ሁለት እግሩ ተሰበረ፤ ተረፈ። እትዬ ወገቧ ከምሰሶው ጋር ተፈጭቶ ነበር። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ኖረች። ሐሙስ ጠዋት ከመድኃኒቱ ነቃ ብላ አስተርጓሚዋን ፈለገች። አስተርጓሚዋ አፏ ስለተሰፋ በወረቀት ነበር የምትመልሰው፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ።

«አሥራ ሁለተኛውስ?»

«ተቆርጧል» ብላ ጻፈች። «ማክሰኞ። ራሳቸው ቆረጡት።»

«ማቆሙን ማን ያስተምራቸዋል?»

እትዬ ዕለቱን አረፈች። ዕድሜዋ አርባ አራት ዓመት ከሰባት ወር ነበር።

ያዘጋጀሁት ወረቀት በሃያ አምስተኛው ቀን ለቦርዱ ቀርቧል። የስብሰባው ሁለተኛ አጀንዳ ነበር፤ አንደኛው የእትዬ ሞት ነው።

ትከሻ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ከመፈረዱ በፊት ፍርድ ቤቱ የሟች ቤተሰብ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር። እኔ ሰውየው ማብሪያ ነክቶ እንደማያውቅ ጽፌ አሥራ ዘጠኙን የአደጋ መዝገብ አባሪ አደረግሁ። ለእናታችን አነበብኩላት።

«ልጄን ለፈጨው ሰውዬ ነው ይሄ?» አለች።

«ሊያስለቅቃት ነበር እማዬ።»

«ሊያስለቅቃት!» በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። ስብርባሪውን እየለቀምኩ ሳለ «ፈርምና ላከው» አለችኝ። «ግን ስሜን እንዳታስገባ። እኔ አልማርኩትም።» ስሟን አላስገባሁም።

ከአምስት ወር በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተላከ፤ ወንድ ነው፣ እትዬ ካሠለጠነቻቸው አንዱ። በገባ በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ ቤት ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቁልፎቹን ሰብስቤ ለሥርዓቱ ስል በአንድ ቀለበት ላድርጋቸው ብል ሠራተኞቹ እምቢ አሉኝ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ነው የሚያዩኝ። አዲስ ሰው ሲቀጠር ደግሞ ለሦስት ቀን ከማብሪያው ፊት አቁመው ማቆም ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ ሩብ ላይ፣ ግማሽ ላይ፣ ሙሉ ላይ። ምርት እየተጓተተብኝ ነው። ቁልፍ ሠራተኛው ጋ ይሁን የሚለው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? አውጣልኝ።»

ማኅደሩን አላወጣሁም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«እንደዚያ የሚል መመሪያ የለም» አልኩት።

«የለም? ታዲያ በምን ሥልጣን ነው የሚከለክሉኝ?»

«እሱን እነሱን ጠይቃቸው» አልኩት። «ግን ስትጠይቃቸው ድራም ውስጥ ሆነህ ይሁን፤ ሳጥኑም ክፍት ይሁን።»

«አንተ ደግሞ» አለና ዘጋው። ስለ ቁልፍ ሌላ ደብዳቤ ከእሱ አልደረሰኝም፤ የፋብሪካው ፖስታ በየወሩ ሲመጣ ግን አስቀድሜ የማየው ስለ ቁልፍ የተጻፈ እንዳለ ነው።